የትርፍ ቤት አዋጅና የቀበሌ ቤት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦታው በየሰፈሩ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆች ታደለ። ኋላ የመጣው ድኻ የጭቃ ቤት ተከራይቶ ኖረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሥርዓት ሻረ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራይ ተቀነሰ፤ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸውን ቤቶች ቀበሌ ያዘ። ተከራዩም «ቤቴን ልቀቅ» ከሚለው ጌታ ተገላገለ።

ይሁን እንጂ የተቀነሰው ኪራይ ለጥገና አልበቃም፤ ለግለሰብ ቤት ሠርቶ ማከራየትም ተከለከለ። ሕዝቡ ሲበዛ ቤቱ አብሮት አልበዛም። ስለዚህ ያገባው ልጅ ከወላጆቹ ጋር በአንዲት ክፍል ተዳበለ፤ ጣራውም አፈሰሰ።

እንግዲህ ያለውን ቤት ማከፋፈልና አዲስ ቤት መሥራት ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ተማሪዎች የየሰፈራቸውን አረጋውያን ጠይቀው ይህን ቢያመዛዝኑ መልካም ነው።