ፓሎችካ፦ ሰው ሁሉ በ«1» ቁጥር የሚተካት ፊደል

ስልካችሁ ላይ የሩሲያኛ ኪቦርድ ብትከፍቱ አታገኟትም። ቅርጿ ቀጥ ያለች አንዲት ዘንግ ናት። ስሟም በሩሲያኛ «ትንሽ ዱላ» ማለት ነው፦ ፓሎችካ።

📍 የት ነው የምትጻፈው?
በደቡብ ሩሲያ፣ ሰሜን ካውካሰስ ውስጥ። ቼቼንኛ፣ ኢንጉሽኛ፣ አቫርኛ፣ አዲጌኛ፣ ካባርዲንኛና ሌሎችም ይጠቀሙባታል። እነዚህ ቋንቋዎች በፈረንጆቹ 1920ዎቹ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀምረው ነበር። በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ግን የሶቪየት መንግሥት ሩሲያኛ ወደሚጻፍበት ሲሪሊክ ፊደል አዞራቸው። የሩሲያኛ ፊደል ደግሞ ለድምፆቻቸው አልበቃም።

🔤 ሥራዋ ምንድን ነው?
ይሄ ለእኛ ቀላል ነው። ሩሲያኛ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ የሚሉት ድምፆች የሉትም። እኛ ለእያንዳንዱ የራሱ ፊደል አለን። ቼቼኖች ግን የ«ት»ን ፊደል ይጽፉና አጠገቡ ዘንጓን ያቆማሉ፤ ያኔ «ጥ» ተብሎ ይነበባል። በአዲጌኛና በካባርዲንኛ ብቻዋንም ትቆማለች፤ ያኔ ጉሮሮ ተዘግቶ ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ናት።

❗ ብትቀርስ?
ትርጉም ይበላሻል። በቼቼንኛ «ጻ» ቤት ማለት ነው። ዘንጓ ስትነሳ «ትሳ» ይሆናል፤ ይሄ ደግሞ እንደ እኛ «አል-» ማፍረሻ ነው። አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጽፍ «ጠራ» እና «ተራ» አንድ እንደሚሆኑብን ማለት ነው።

📱 ችግሩ ታዲያ የት ላይ ነው?
የሩሲያኛ ታይፕራይተር ላይ ስላልነበረች ሰው በ«1» ቁጥር ይተካት ነበር። ልማዱ ወደ ስልክም ገባ። አንዱ «1» ይጽፋል፣ ሌላው የላቲኑን «አይ»፣ ሌላው ቃለ አጋኖ። ለዓይን ያው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አንዱ ቃል ሦስት የተለያየ ቃል ይሆናል። በትክክለኛው ፊደል ፍለጋ ስታደርጉ በ«1» የተጻፈው ላይመጣላችሁ ይችላል። ትልቋ ቅርጽ ዩኒኮድ ውስጥ ቀድማ ብትገባም፣ ትንሿ የተጨመረችው በ2006 ነው።

ዩኔስኮ ቼቼንኛን፣ አቫርኛንና አዲጌኛን ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑ ቋንቋዎች ጋር መዝግቧቸዋል። ኢንተርኔት ላይ ያላቸው ጽሑፍ እንደ ትልልቆቹ ቋንቋዎች ብዙ አይደለም፤ በአንዲት ዘንግ ምክንያት ደግሞ ያለውም ይበታተናል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ የቋንቋውን ኪቦርድ ስልክ ላይ መጫንና ትክክለኛዋን ፊደል መንካት።