የሙታንን ይቅርታ ማን ይሰጣል?

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ማንጎ ሥር ተቀምጠን ምሳ ቀረበልን። አምስት ነበርን። የባሮ ዓሣ በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ ሆኖ መጣ። ከመካከላችን አንዱ ግንባሩን ስድስት የኑዌር መስመሮች ያቋረጡት ረጅም ጎልማሳ ነው። እጁን ታጥቦ ለመብላት ሲዘጋጅ ሌላ እንግዳ መጣና ሰላምታ ሰጥቶ ከትሪው ዳር ተቀመጠ። ጎልማሳው ቀስ ብሎ ተነሣ። «ጠግቤአለሁ» አለ። ገና አንድም አልጎረሰም ነበር።

ነገሩ ስላልገባኝ ወደዚያ የወሰደኝን ወዳጄን በኋላ ጠየቅሁት። «በሁለቱ ቤት መካከል ደም አለ» አለኝ። «ከብቱ ገና ተከፍሎ አላለቀም። እስኪያልቅ ድረስ ከአንድ ዕቃ አይበሉም፣ ከአንድ ቅል አይጠጡም። የደፈረ ይታመማል፤ ይሞታልም።»

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሆዱ ውስጥ ቂም ቋጥሮ ከባላጋራው ጋር በአንድ መሶብ ይቀርባል፤ እንዲያውም ያጎርሰዋል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለው የተቃቀፉ ሰዎች በማግሥቱ ፍርድ ቤት ሲካሰሱ አይቻለሁ። ያ ያልጎረሰ ሰው ግን ሳይቆጣና ሳይሳደብ እውነቱን ተናግሮ ሄደ፦ ገና አልታረቅንም። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቅህ አለኝ። ለመሆኑ ከባድ ወንጀል የሠራን ሰው ይቅር ማለት ምን ማለት ነው? ይቅር የማለት ሥልጣኑስ የማን ነው?

ጉዳዩን ከሥሩ እንመልከተው።

እንግሊዛዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌር ሕዝብ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። በዚያው ሰሞን በጣሊያን ጦርነት ጊዜ በአኝዋክ ምድር ጥቂት ተዋጊዎችን እየመራ ከፋሽስት ጋር ተዋግቷል። እርሱ እንደመዘገበው አንድ ኑዌር ሰው የገደለ እንደሆነ ሮጦ የሚገባው «ኩዋር ሙዎን» ወደሚባለው፣ የነብር ቆዳ ወደሚለብሰው የምድር ካህን ቤት ነው። እዚያ ማንም አይነካውም። ነገር ግን ካህኑ ክንዱን በስቶ ደሙን ሳያፈስለት በፊት እህልም ውኃም አይቀምስም። የሟች ደም ገዳዩ ሥጋ ውስጥ ገብቷልና መውጣት አለበት። ስለዚህ ነገሩ የሚጀምረው «አዎ፣ ገድያለሁ» በማለት ነው። ደብቆ የሚበላ ሰው ራሱን ይገድላል።

ከዚያ በኋላ ካህኑ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይመላለሳል። የሟች ወገን እንቢ ይላል፤ እንቢ ማለትም የሟች ክብር ነው። ካህኑ ይለምናል፣ ይገሥጻል፣ አንዳንዴም ሊራገም ይነሣል። በመጨረሻም እሽ ይባላል። ካሣው በደንቡ ከ40 እስከ 50 ከብት ነው። ከብቱስ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ነው ልብ ማለት የሚያስፈልገው። በከብቱ ለሟች ሚስት ይታጫል። አንድ የቅርብ ዘመዱ በሟች ስም ያገባታል፤ የሚወለደው ልጅም የሟች ልጅ ተብሎ ይጠራል። የጠፋ ስም ይመለሳል ማለት ነው። ለኑዌሮች ይቅርታ የገዳይን ሸክም ከማቅለሉ በፊት ለሟች ቤት ይሠራል።

ጎረቤቶቻቸው አኝዋኮችም ለደም ካሣ አላቸው። የእነርሱ ዋጋ «ዲሙይ» የሚባለው፣ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረው የመስታወት ዶቃ ነው። ለጥሎሽም ለደምም ይከፈላል። አኝዋክ ዘንድ ተበድሎ የሞተ ሰው በቀል «አቼኒ» ይባላል። ሟች ከሞተም በኋላ ክስ አለው። የበደለው ሰው ዳኛን ቢያመልጥ አቼኒን አያመልጥም። ሙት ዝም አይልም ማለት ነው።

ይህን ስናነብ «የኋላ ቀር ልማድ» እንዳንል እንጠንቀቅ። የእኛም አባቶች ፍርድ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በቀድሞው ዘመን ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ነገሩ ወደ ሟች ወገን ይመለስ ነበር፤ የደሙን ዋጋ መቀበል ወይም ሞቱን መጠየቅ የእነርሱ ፈንታ ነበር። «እርቅ ደም ያድርቅ» የሚለው ምርቃት ከዚያ የመጣ ነው። በኦሪት ዘኍልቍም የመማፀኛ ከተሞች አሉ። ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው የሚሸሽባቸው ስድስት ከተሞች ናቸው፤ የነብር ቆዳ ለባሹን ቤት ያስታውሳሉ። ልዩነቱ ኦሪት ሆን ብሎ የገደለውን በገንዘብ አለመልቀቁ ነው። በዚህስ ከኑዌር ይልቅ ጠንካራ ነው።

ዛሬ ጋምቤላ በአመዛኙ የክርስቲያን አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ ወደ 70 ከመቶ የሚሆነው ፕሮቴስታንት ነው፤ ከዚያ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ካቶሊኩና የአባቶቹን እምነት የያዘው ይከተላል። እሑድ ጠዋት ከተማው በኑዌርኛ፣ በአኝዋክኛና በአማርኛ መዝሙር ይሞላል። በሦስቱም ልሳን አባታችን ሆይ ይደገማል። የበደሉንን ይቅር እንድንል የምንማፀንበት ጸሎት ነው።

ነገር ግን ሃይማኖቶቹ ይቅርታን ያዝዛሉ ሲባል ዝም ብሎ «ተወው» ማለት ይመስለናል። ጠጋ ብለን ብናይ እንዲህ አይደለም። ወንጌል ጴጥሮስን ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር እንዲል ያዘዋል። ያው ወንጌል ግን መባውን ወደ መሠዊያው ያመጣውን ሰው መባህን ተውና ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይለዋል። ይህ የተነገረው ለተበዳዩ ሳይሆን ወንድሙ ቅሬታ ላለበት፣ ማለትም ለበዳዩ ነው። ዘኬዎስም የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል የገባው እዚያው በቤቱ ቆሞ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ነፍሰ ገዳይ ንስሐ ሲገባ የንስሐ አባቱ ቀኖና ይሰጠዋል፤ ሳይናዘዝ የሚፈታ የለም።

በእስልምና ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ቁርአን ለሟች ቤተሰብ የቅጣት መብት ሰጥቶ፣ ይቅር ማለትን ግን አብልጦ ያመሰግናል። ሙስሊም ወገኖቻችን «የሰው ሐቅ» የሚሉት ነገር አለ። አላህ በእርሱና በባሪያው መካከል ያለውን ኃጢአት ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ እስኪል ድረስ በአንገት ላይ ነው። «አፉ በለኝ» የሚለው ልመና የሚቀርበው ለተበዳዩ የሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የነብር ቆዳ ለባሹም፣ ቄሱም፣ ፓስተሩም፣ ሼሁም በአንድ ነገር ይስማማሉ። አስቀድሞ ይታመን፤ ከዚያ የተበደለው ይጠየቅ። የተበደለው ከሞተስ? ጭንቁ እዚህ ላይ ነው።

ወደ ጋምቤላ እንመለስ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በመኪና ሲጓዙ የነበሩ ስምንት ሰዎች መንገድ ላይ ተገደሉ። ገዳዮቹ የታጠቁ አኝዋኮች ናቸው ተባለ። የተቆራረጠው አስከሬን ከተማ ሲገባ ቁጣው ገነፈለ። ከደጋ የመጡ ነዋሪዎችና ወታደሮች በአኝዋክ ሰፈሮች ላይ ዘመቱ። በመኪናው ግድያ እጃቸው የሌለበት ሰዎች በየቤታቸው በር ተገደሉ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሱዳን፣ ወደ ፖቻላ ሸሹ።

ስንት ሰው ሞተ? በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 65 አለ። የአኝዋክ ወገኖች ያሰባሰቡት ዝርዝር 424 ደረሰ። እንግዲህ አስቡት። በኑዌርም በአኝዋክም ሕግ ካሣ የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ሟች በስሙ ነው። በ65 እና በ424 መካከል ያሉት ሰዎች ግን እንደ ሟች እንኳ አልተቆጠሩም። ላልተቆጠረ ሰው ምን ዓይነት ይቅርታ ይጠየቅለታል? በማን ስምስ ልጅ ይወለድለታል?

ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ደገኛ ሆኜ ነው። ባሮ ዳር ስመላለስ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ሰላምታና ውኃ ነው የተሰጠኝ። ሆኖም አንዳንድ ሽማግሌ ሲያየኝ ቆየት ብሎ ነው ፈገግ የሚለው። ያችን ቆይታ አልቀየምም። በ1996 ዓ.ም. እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ፤ ማንንም አልገደልኩም። ነገር ግን ስለዚያ ቀን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ መሆኑ ያሳፍረኛል። በወቅቱ አልጠየቅሁማ።

ጋምቤላም በዚያ አላበቃላትም። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በአንድ ቀን ከ200 በላይ ሰዎችን ገድለው ከመቶ በላይ ሕፃናትን ወሰዱ። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ታጣቂዎች ከተማዋን ካጠቁ በኋላ የክልሉ የጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 50 ሲቪሎችን መግደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሳወቀ። ደም በደም ላይ ሲጨመር ከብቱም ዶቃውም አይበቃም። ሻሮን ሃችንሰን የተባለችው ተመራማሪ እንደጻፈችው በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የኑዌሩ አዛዥ ሪክ ማቻር ለወገኖቹ አዲስ ትምህርት አመጣላቸው። «በመንግሥት ጦርነት» የተገደለ ሰው ደም ገዳዩን አያረክስም፤ ካሣም የለበትም የሚል ነበር። ለጦር አዛዥ የሚመች ትምህርት ነው። ለእኔ ግን ከጠመንጃው የባሰው ይህ ነው፤ ሰው ገድሎ ያለ ሐሳብ እንዲበላ ፈቅዷልና።

አሁን ስለ ራሴ ቤት ልናገር። የእናቴ ታላቅ እኅት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የበኩር ልጃቸውን በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር አጥተዋል። አስከሬኑን አልተሰጣቸውም። ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን መሪዎች በአንድነት ሞት ለተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ምሕረት እንዲደረግ መጠየቃቸው ተሰማ። እማማ ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰምተው ሬዲዮኑን ዘጉት።

«ይሙቱ አላልኩም» አሉኝ። «እግዜር ያውቃል፣ ማንም እንዲሞት አልሻም። ግን እኔን ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ? አንዳቸው እንኳ መጥተው እዚህ ቦታ ቀበርነው ቢሉኝ…»

ግንቦት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የ23ቱ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ተቀየረ። መስከረም 2004 ዓ.ም. ብዙዎቹ በአመክሮ ተፈቱ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንዳይታገዱ፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንዳይታለፉ ይደነግጋል፤ የሞትን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ መቀየርን ግን ለርእሰ ብሔሩ ይፈቅዳል። ስለዚህ በሕጉ መንገድ ሄዱ ይባላል። አረጋውያን እሥረኞች ቤታቸው ገብተው በመሞታቸው እኔም አልከፋም። የሃይማኖት አባቶቹም ክፉ አላሰቡም። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ የነብር ቆዳ ለባሹ ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ የሚያንኳኳው የእማማን በር ነበር።

በሌላው ዓለምም ይኸው ጭንቅ አለ። የደቡብ አፍሪካው የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ሙሉ እውነቱን ለተናገረ ምሕረት ሰጠ፤ የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1996 ተቃውሞ ፍርድ ቤት ቢሄድም ተረታ። ይሁን እንጂ እዚያ ቢያንስ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ተብሏል። ሩዋንዳም እስከ እ.ኤ.አ. 2012 በቆየው ጋቻቻ በተባለው የመንደር ሸንጎ የተናዘዘ ገዳይ ቅጣቱ ሲቀልለት አስከሬን የተጣለበትን ቦታ እንዲናገር ተጠይቋል። ብዙዎች ልጆቻቸውን አውጥተው የቀበሩት በዚያ ነው።

በአገራችንም የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። እውነት ማፈላለግ፣ ክስ፣ ካሣ፣ ምሕረት የሚሉ ቃላት ሰፍረውበታል። ቃላቱ መልካም ናቸው። ቅደም ተከተላቸው እንዳይገለበጥ ግን እሠጋለሁ። እኛ ምሕረትን አስቀድመን እውነትን «ቁስል አይነካካ» ብለን መተው ይቀናናል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለውን ተረት ግን የምንተርተው እኛው ነን።

ይቅርታ እንዳይደረግ መሟገቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። ይቅርታ ባይኖር በጋምቤላ ሁለት ቤቶች እንኳ ጎን ለጎን አያድሩም ነበር። የምለው የሙታን ይቅርታ በአደራ የተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ መንግሥትም፣ የሃይማኖት አባትም፣ እኔም ከኪሳችን እንደምናወጣው አድርገን አንስጥ። አስቀድመን ሙታኑን በስማቸው እንቁጠር፤ እናቶቻቸውን እንጠይቅ።

ከጋምቤላ ልወጣ ስል ወዳጄን ስለዚያ ጎልማሳ ጠየቅሁት። ከከብቱ ግማሹ ተከፍሏል፤ ቀሪው በመጪው በጋ ይነዳል አለኝ። «ከዚያ በኋላስ?» አልኩት።

«ከዚያ በኋላማ» አለኝ፣ «አብረው ይበላሉ።»