ከልደታ እስከ አሥመራ፤ የሰማይ መንገድ ስሌት

በመዋዕለ ዳግማዊ ምኒልክ ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ነጋዴ የመንገዱን ርዝመት የሚያውቀው በሚያድርባቸው ሰፈሮች ቍጥር ነበር፤ የሁለት ቀን መንገድ ነው ሲባልም የበቅሎው ጕልበት፣ የጭነቱ ክብደት፣ የዳገቱ ብዛት፣ በክረምትም የተከዜ ሙላት ሁሉ ታስቦበት ነውና ያው ጎዳና በበጋ አጥሮ በክረምት ረዝሞ ይነገር ነበር። ለእግረኛ ይህ ሚዛን ከኪሎ ሜትር ይልቅ እውነተኛ ነበር ብል በሐሰት አይቈጠርብኝም።

በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ መደበኛ ጉዞውን በዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ ግን፣ ርቀት ከምድር ተነሥቶ በካርታ ላይ የሚሰፈር ነገር ሆነ። አዲስ አበባና አሥመራ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ጥቂት ስለሚቀራቸው፣ ይህን ሐሳብ ለሚማር ሰው ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አይገኝም። የያኔው የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ በ9 ዲግሪ፣ አሥመራ በ15 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ይገኛሉ፤ ልዩነታቸው 6 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ፣ ማለት 377 ደቂቃ ነው። የኬክሮስ አንድ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል፣ የባሕር ማይልም 1,852 ሜትር ስለ ሆነ፣ ርቀቱ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል፤ በመኪና የሄደ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጠምዘዝ ነበረበት። አብራሪው ይህንኑ ለማግኘት ባለ ሁለት እግር መለኪያውን በሁለቱ ከተሞች ላይ ከፍቶ፣ ሳያጥፈው ወደ ካርታው ዳር ወስዶ፣ በዚያ የተሰመሩትን የኬክሮስ ደቂቃዎች ይቈጥራል። መስመሩ ራስ ደጀንን በስተ ምዕራብ፣ አቡነ ዮሴፍን በስተ ምሥራቅ ትቶ በመካከል ያልፋልና፣ ደመና በከበበው ቀን ከመስመር መውጣት የዋዛ ነገር አልነበረም።

ጊዜው ግን እንደ ርቀቱ የጸና አይደለም። ዳግላስ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ጸጥ ባለ አየር መንገዱ 2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይፈጃል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ከኋላ ቢገፋው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሆናል። እነሆ፣ በሄደበት የጐዳው ነፋስ በመልሱ ይክሰዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል፤ ደርሶ መልሱ ቢደመር ነፋስ ከሌለበት ቀን 12 ደቂቃ ይበልጣል፣ ምክንያቱም አውሮፕላኑ በሚዘገይበት ወገን ብዙ፣ በሚፈጥንበት ወገን ጥቂት ጊዜ ይቈያልና።

በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄት ሲመጣ የልደታ ሜዳ ስላልበቃው ቦሌ ተተካ። በሰዓት 880 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት 700 ኪሎ ሜትሩን በ48 ደቂቃ ሊጨርስ ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ሲነሣና ሊያርፍ ሲቃረብ ፍጥነቱ ያነሰ ነው፤ በሰሌዳ የሚጻፈውም ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንሥቶ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ያለው ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ርቀቱን ለፍጥነቱ አካፍለህ ባገኘኸው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ጨምርበት።