ፕሮፌሰር ሞገንስ ስካውና የሊትየም ምርምራቸው

ዴንማርካዊው የአእምሮ ሐኪም ፕሮፌሰር ሞገንስ ስካው እ.ኤ.አ በ1918 በኮፐንሃገን ተወልደው በ1944 ከከተማዋ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀዋል። አውስትራሊያዊው ጆን ኬድ በ1949 ሊትየም ከልክ ያለፈ የስሜት መነሣሣትን እንደሚያበርድ ካስታወቁ በኋላ፣ ስካውና ባልደረቦቻቸው በ1954 ይህንኑ በንጽጽር ሙከራ አረጋግጠዋል።

ሊትየም ሕመሙ እንዳያገረሽ ይከላከላል ማለታቸው ግን በ1968 ከለንደን ተመራማሪዎች ብርቱ ትችት አስነሥቷል። በድባቴ ይሠቃዩ የነበሩ ወንድማቸው በመድኃኒቱ መሻሻላቸው እንኳ በገለልተኝነታቸው ላይ ጥርጣሬ አሳድሯል።

ስካውና ፖል ባስትሩፕ ምላሻቸውን በ1970 ይፋ አደረጉ። ሊትየም ሲወስዱ ከቆዩ 84 ታካሚዎች ከፊሎቹ ሳያውቁት ፈዋሽነት ወደሌለው ተመሳሳይ ክኒን ተዛወሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከእነዚህ 21ዱ ሲያገረሽባቸው፣ ሊትየሙን ከቀጠሉት አንድም አላገረሸበትም። ታካሚን ከሚረዳው መድኃኒት መለየት ግን ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ስካው በ2005 አርፈዋል።