የወል መስክና ባለቢጫ ጉሮሮዋ ወፍ፦ ከምዕራብ ጎጃም የመሬት ታሪክ



የታሪክ መምህር ስለ ወፍ ሊናገር ሲቆም ግር ቢላችሁ አልፈርድም። ዛሬ የማነሣትን ወፍ የሥነ አዕዋፍ ሊቃውንት ማክሮኒክስ ፍላቪኮሊስ ይሏታል፤ የመጀመሪያው ቃል በግሪክ ረዥም ጥፍር፣ ሁለተኛው በላቲን ቢጫ አንገት ማለት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1840 ያወጣላት ቀደም ሲል እስከ ጎንደር ዘልቆ የነበረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ጀርባዋ ቡናማ፣ ጉሮሮዋ ቢጫ ሲሆን ከጉሮሮዋ በታች ጥቁር መስመር እንደ ማተብ ዞሮባታል። የማተቡ ምሳሌ የእኔ ነው፤ ሩፔል አላለውም።

ከኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በቀር አገር የላትም። ጎጆዋን ከሣር ሥር መሬት ላይ ትሠራለች፤ ነፍሳት ትለቅማለች፤ አጥር ወይም ቁጥቋጦ ላይ ወጥታ ትዘምራለች። በበጋ ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው ከከብቶቻችን እግር ሥር የሚርመሰመሱት ቢጫ ወፎች ወራታቸው ሲደርስ ይመለሳሉ። እርሷ መመለሻ የላትም። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለሥጋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መድቧታል፤ ምክንያቱም የሣር ሜዳው መታረሱና ከልክ በላይ መጋጡ ነው።

የእኔ ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። ሜዳው የማን ነበር? ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው የሣር መስክ ሰው ያልነካው ምድረ በዳ አልነበረም። እርሻው በርስት ሲከፋፈል መስኩ በአብዛኛው የወል ሆኖ ይቀር ነበር፤ በሬ ያለ ግጦሽ፣ ሞፈርም ያለ በሬ አይሆንምና። መጠነኛ ግጦሽም ሣሩን ክፍት አድርጎ ያቆየው ነበር። ወፊቱ የኖረችው ገበሬው ለበሬው ባቆየው ሣር ላይ ነው።

ይህን በሰነድ መከታተል ግን ያስቸግራል። የጎጃም ገበሬ የመሬት ልኬትን ክፉኛ ይጠራጠር ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሣው ዐመፅ አንዱ ሥሩ ይኸው ነው። ያልተለካ መስክ ደግሞ መዝገብ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን ወፍ ሰብሳቢ ነበርና የሰበሰባቸው ናሙናዎች ተመዝግበው በሥነ አዕዋፍ መጽሔት ታትመዋል። ስለዚህም የዚያን ዘመን ወፎቻችንን ከመስኮቻችን ይልቅ በዝርዝር እናውቃቸዋለን። ለታሪክ ባለሙያ ይህ የሚያሳፍር ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። የወል መስክ ይበልጥ የተነካው ግን እኔ እንዳየሁት በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ጊዜ ነው። ልጅ ሆኜ ከብት የጠበቅሁበት መስክ ተሸንሽኖ መሬት ላልነበራቸው ወጣቶች ተሰጠ። ከተሰጣቸው አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነበር። በዚያ ድርሻ ጎጆ ወጣ፤ ልጆቹንም አሳደገ። ስለዚህ ሽግሽጉን እንደ ጥፋት ብቻ ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ከዚያ ወዲህ በቆሎው፣ በርበሬው፣ ባሕር ዛፉ ተከታተሉ፤ የቀረውን መስክ ቁጥሩ ያልቀነሰ ከብት ተጋፋበት።

ነገሩ ሲከፋ ምን እንደሚመስል ለማየት ከነገሌ ቦረና አጠገብ ያለውን የሊበን ሜዳ ማሰብ ይበቃል። በዚያ ያለችው የሣር ወፍ በእርሻ፣ በቁጥቋጦ መስፋፋትና በግጦሽ ብዛት ስፍራዋ ጠቦባት፣ ከአፍሪካ ዋና ምድር የመጀመሪያዋ ጠፊ ወፍ ልትሆን ትችላለች ተብሎ ተፈርቶላታል። የእኛዪቱ ገና እዚያ አልደረሰችም፤ ሰፊ አገር አላት።

ወንድሜን ስለዚህ ሳጫውተው፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ለወፍ ብላችሁ መሬቱን መልስ ልትሉኝ ነው?» አለኝ። አይደለም አልሁት። የተከፈለው ተከፍሏል። እኔን የሚያሳስበኝ ያልተከፈለው ነው፦ የወንዝ ዳሩ ጨፌ፣ የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ ሽማግሌዎች እስካሁን በስም የሚጠሯቸው ጥቂት መስኮች። ከቡሬ፣ ከወንበርማና ከጃቢ ጠህናን የመጣችሁ ተማሪዎች ለዕረፍት ስትሄዱ የመስኮቹን ስም፣ ወሰናቸው እስከ የት እንደነበርና ማን ይጠብቃቸው እንደነበር ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ ጻፉልኝ። ወፊቱንም ካያችኋት ቀኑንና ቦታውን ጨምሩበት። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።