የግመል ጉዞና የዱር እንስሳት ምልከታ በአፋር በረሃ

የግመል ጉዞ፣ በቱሪዝም አጠራሩ የግመል ሳፋሪ፣ ተጓዦች ስንቅና ውኃቸውን በግመል አስጭነው፣ አብዛኛውን መንገድ በእግር አልፎ አልፎም በግመል ጀርባ እየሄዱ፣ የበረሃን ምድርና የዱር እንስሳትን የሚመለከቱበት ጉዞ ነው። በኢትዮጵያ ከሁሉ ይልቅ ከአፋር ጋር የተቆራኘ ሲሆን፣ መነሻውም መዝናኛ ሳይሆን የጨው ንግድ ነው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የአሳሌ ሐይቅ ዳር ተጠርቦ የሚወጣው ጨው በግመል ቅፍለት በብርሃሌ በኩል ወደ ደጋ ይወጣ፣ ከዚያም በበቅሎና በአህያ ተሸጋግሮ አሞሌ፣ ማለትም እንደ ገንዘብ የሚያገለግል የጨው ጡብ፣ ሆኖ እስከ ጅማው የሂርማታ ገበያ ይዘልቅ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀርም እ.ኤ.አ. በ1933 እና 1934 አዋሽን ተከትሎ ወንዙ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያበቃ ያረጋገጠው በግመል ተጉዞ ነው።

ግመል የሰውነቷ ሙቀት ከ34 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲለዋወጥ መቋቋም ስለምትችል በላብ የምታባክነው ውኃ ጥቂት ነው፤ ሻኛዋ የሚያጠራቅመውም ብዙዎች እንደሚያስቡት ውኃ ሳይሆን ስብ ነው። የሞተር ድምፅ ስለሌላትና መንገድ ስለማትሻ፣ ከመኪና ለሚሸሹ እንስሳት ምልከታ ትመቻለች።

በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳላ፣ የሜዳ ፍየልና ሰጎን ይታያሉ። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ፓርኩ የተመሠረተው የቤት አህያ የዘር ምንጭ የሆነውን፣ እግሮቹ ላይ ጥቁር ሽንትር ያለውንና ዛሬ ከምድር ለመጥፋት እጅግ የተቃረበውን የአፍሪካ የዱር አህያ ለመጠበቅ ነው። እንስሳውን ካመነመኑት ምክንያቶች መካከል አደን፣ ከቤት አህያ ጋር መዳቀልና ከከብትና ከግመል ጋር በሣርና በውኃ መሻማት ይገኙበታል።

ስለዚህ ሸክም የያዙ ግመሎች ራሳቸው ለዱር አህያው ተቀናቃኝ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥሩ የጉዞ መሪ ሰፈሩን የዱር እንስሳት ከሚጠጡበት ምንጭ አርቆ ይተክላል፤ ግመሎቹን የሚያጠጣውም የአካባቢው አርብቶ አደሮች በፈቀዱት ጉድጓድ ነው፤ ምልከታውንም ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳና ወደ ማታ ያደርጋል። በበረሃ የምንጭ ባለቤትነት በጎሳ የተደነገገ በመሆኑ፣ ይህን ፈቃድ መጠየቅ ከእንስሳቱ ጥበቃ ባሻገር የተጓዡንም ደኅንነት ይመለከታል።