ሮያል ኤንፊልድ ሂማላያን 411፦ ለረጅም መንገድ፣ በአቅም

ሩቅ ለመሄድ የግድ ባለ 1,000 ሲሲ ሞተር ያስፈልጋል? እኛ አያስፈልግም እንላለን።

ሂማላያን 411 በ2016 እ.ኤ.አ. ህንድ ውስጥ የወጣው የተራራ መንገድ ታስቦ ነው።

🏍 ሞተሩ፦ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 24 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ 5 ማርሽ።
⛽ ታንከሩ፦ 15 ሊትር። በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ከሄደ 450 ኪሎ ሜትር ማደያ አያስፈልገውም።
🎒 ለጉዞ፦ የንፋስ መከላከያ፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ፣ ከታንከሩ ግራና ቀኝ ጀሪካን የሚታሰርበት ብረት።
🛞 የፊት ጎማው፦ 21 ኢንች። ጉድጓድና ኮረት ብዙም አያስቸግረውም።

ድክመቱ ፍጥነት ላይ ነው። ክብደቱ ከ190 ኪሎ በላይ ስለሆነ፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ 100 ላይ ሲደርስ የሚጨምረው ጉልበት ብዙም የለውም። ከባድ መኪና ለመቅደም ረጅም ባዶ መንገድ ይፈልጋል። ያንን ካላያችሁ አትሞክሩት!

በ2023 ባለ 452 ሲሲው ስለተተካው፣ 411ን የምትፈልጉ ያገለገለውን ጠይቁ።